ሮሃን ለሚሻ ላሊበላን ማመልከት፦ የድረ ገጽ አድራሻ ማዞሪያ ትእዛዛት

በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ደጋማ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ታሪካዊት ከተማ ዛሬ የምትጠራው በንጉሡ በቅዱስ ላሊበላ ስም ነው። ቀድሞ ግን ስሟ ሮሃ ነበር። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ የተለወጠው የከተማዋ መጠሪያ ነው። ይሁን እንጂ በቆየ መጽሐፍ ውስጥ «ሮሃ» የሚለውን ስም አንብቦ ቦታዋን የሚፈልግ ሰው ዛሬም አይጠፋም። የአገሬው ሰው እንዲህ ያለውን ጠያቂ «የለችም» ብሎ አይሸኘውም፤ «ሮሃ ማለት ላሊበላ ናት» ብሎ መንገዱን ያመለክተዋል እንጂ።

የኮምፒዩተር አገልጋይ፣ ማለትም ዌብ ሰርቨር፣ እንዲህ ያለ ብልሃት በተፈጥሮው የለውም። አንድ ገጽ ከቀድሞ አድራሻው ወደ ሌላ ከተዛወረና ለሰርቨሩ ይህ ካልተነገረው፣ በቀድሞው አድራሻ ለሚመጣ ሁሉ የሚሰጠው መልስ «አልተገኘም» የሚል ብቻ ነው። ገጹ አለ፤ አንባቢውም አለ፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። በዚህ ጽሑፍ ይህን ክፍተት የሚሞሉት የማዞሪያ ትእዛዛት እንዴት እንደሚሠሩ፣ በሰርቨሩ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ እንዴት እንደሚጻፉና በአጻጻፋቸው ላይ የሚደርሱት ስሕተቶች የትኞቹ እንደሆኑ እንመለከታለን። ለምሳሌ እንዲያመቸን ስለ ላሊበላና ስለ አካባቢው መረጃ የሚሰጥ አንድ ድረ ገጽ እንዳለ አድርገን እናስብ።

የቁጥሮቹ ቋንቋ

አሳሽ (ብራውዘር) አንድን ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ በቅድሚያ የሚልከው ሦስት አኃዝ ያለው የሁኔታ ቁጥር ነው። 200 ከሆነ ገጹ ተገኝቷል ማለት ነው፤ 404 ከሆነ አልተገኘም። በ3 የሚጀምሩት ቁጥሮች አብዛኞቹ ደግሞ «የምትፈልገው ሌላ ቦታ ነውና ወደዚያ ሂድ» የሚል ትርጉም አላቸው። ሰርቨሩ ከቁጥሩ ጋር «ሎኬሽን» በሚባል መስመር አዲሱን አድራሻ ይልካል፤ አሳሹም ሰውን ሳያስቸግር ወደ አዲሱ አድራሻ ሁለተኛ ጥያቄ ያቀርባል። አንባቢው የሚያየው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ከድር ጥንታዊ ሕግጋት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው የኤችቲቲፒ 1.0 መግለጫ ውስጥ 301 «ለዘለቄታው ተዛውሯል»፣ 302 «ለጊዜው ተዛውሯል» ተብለው ተደንግገዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 መግለጫ 307ን ጨመረ፤ 308 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በደረጃ መግለጫ ጸደቀ። የኋለኞቹ ሁለቱ የተፈለጉበት ምክንያት አለ። አንድ ጎብኚ የመኝታ ክፍል ማስያዣ ቅጽ ሞልቶ ሲልክ ሰርቨሩ በ301 ወይም በ302 ቢያዞረው፣ ብዙ አሳሾች የተሞላውን ቅጽ ጥለው አዲሱን ገጽ ባዶ እጃቸውን ይጠይቃሉ። 307 እና 308 ግን ጥያቄው እንደ ነበረ፣ ከነተሞላው ቅጽ፣ እንዲሻገር ያዛሉ። ስለዚህ ለሚነበብ ገጽ 301 እና 302 ይበቃሉ፤ ቅጽ ለሚቀበል አድራሻ 307 እና 308 ይመረጣሉ።

የመጀመሪያው መስመር

እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው አፓቼ የተባለው ሰርቨር እስከ ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። ትእዛዞቹ የሚሰፍሩት በዋናው የማዋቀሪያ ፋይል፣ ወይም በየማኅደሩ በሚቀመጠው «.ኤችቲአክሰስ» በተባለው ፋይል ውስጥ ነው። ዋናው ፋይል የሚነበበው ሰርቨሩ ሲነሣ ወይም እንደገና እንዲያነብ ሲታዘዝ ነው፤ ሁለተኛው ግን ጥያቄ በመጣ ቁጥር ይነበባል። በመሆኑም ሁለተኛው ለማረም ይቀላል፤ ለሰርቨሩ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። ዋናውን ፋይል የመንካት ሥልጣን ያለው ሰው በዋናው ቢጠቀም ይሻለዋል።

ለሮሃ የሚያስፈልገን መስመር አንድ ብቻ ነው፦

ሪዳይሬክት 301 /ሮሃ /ላሊበላ

ሦስት ነገር ይዟል፦ የማዞሪያውን ዓይነት፣ የቀድሞውን አድራሻና አዲሱን አድራሻ። የትእዛዙ ስም በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ ልብ ይሏል። የቀድሞውን አድራሻ በግእዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 መቀመጥ አለበት። አዲሱ አድራሻ ግን ወደ አሳሹ የሚላክ ስለሆነ በፐርሰንት ኮድ ተተክቶ ቢጻፍ ትክክለኛ ነው፤ እዚህ በፊደላችን የጻፍነው ለንባብ እንዲቀል ነው። ኤንጂንኤክስ በተባለው ሰርቨር ይኸው ሥራ የሚከናወነው «ሪተርን» በሚል ትእዛዝ ነው።

ይህ መስመር ከሚታየው በላይ ይሠራል። «ሪዳይሬክት» የሚይዘው በተሰጠው አድራሻ የሚጀምረውን ሁሉ ነውና /ሮሃ/ቤተ-ጊዮርጊስ ብሎ የመጣ ሰው ወደ /ላሊበላ/ቤተ-ጊዮርጊስ ይሻገራል፤ የቀረው የአድራሻ ክፍል በአዲሱ ላይ ይቀጠላል። /ሮሃንጉሥ የሚል ሌላ አድራሻ ቢኖር ግን አይነካም፤ ሰርቨሩ የሚያመሳስለው በእዝባር የተለየውን ክፍል በሙሉ እንጂ ቁራሹን አይደለምና። ሮሃ ሙሉ በሙሉ ላሊበላ ስለ ሆነች ይህ አሠራር ከእውነታው ጋር ይስማማል።

ለዘለቄታው ወይስ ለጊዜው?

ጸሐፊው ቁጥሩን ቢዘነጋና «ሪዳይሬክት /ሮሃ /ላሊበላ» ብሎ ቢተው፣ አፓቼ 302 እንደ ተባለ ይቆጥረዋል። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት አይመለከተውም፤ አንባቢው በሁለቱም መንገድ ከገጹ ይደርሳልና። ልዩነቱ ያለው በሚታወሰው ነገር ላይ ነው። 301 የተባለውን ዝውውር አሳሹ በማኅደረ ትውስታው ይይዘዋል፤ የፍለጋ ሞተሮችም የቀድሞውን አድራሻ ትተው አዲሱን ይመዘግባሉ። 302 ከተባለ ግን አሳሹ በመጣ ቁጥር የቀድሞውን ይጠይቃል፤ የፍለጋ ሞተሩም የቀድሞውን ለመጠበቅ ያዘነብላል።

ከዚህ የሚመነጩ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ለዘለቄታው የተዛወረውን «ለጊዜው» ማለት ነው። ላሊበላ ራሷ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር አላት። በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከዝናብና ከፀሐይ እንዲከልሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ድጋፍ የቆሙት ጥላዎች ጊዜያዊ ተብለው የተሠሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል። በሰርቨር ፋይሎች ውስጥም «ለጊዜው» ተብለው የተጻፉ መስመሮች ጸሐፊያቸው መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ በኋላ እንኳ ይኖራሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ጊዜያዊ ትእዛዝ በላይ በመሰላል ምልክት የሚጀምር የማስታወሻ መስመር አክሎ ለምን እንደ ተጻፈና መቼ እንደሚነሣ መግለጽ ነው። ሰርቨሩ ያንን መስመር አያነበውም፤ ተተኪው ባለሙያ ግን ያነበዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይብሳል፦ ያልተረጋገጠውን 301 ማለት። የተሳሳተ 301 ከፋይሉ ቢሰረዝም ቀደም ብለው በጎበኙ ሰዎች አሳሽ ውስጥ ይቀራል፤ እነርሱም ሰርቨሩን ሳይጠይቁ ወደ ተሳሳተው ቦታ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ አዲስ ማዞሪያ ሲጻፍ በ302 ጀምሮ መሞከር፣ ትክክለኛነቱ ሲረጋገጥ ብቻ ወደ 301 መለወጥ ይገባል።

ሁሉም ወይስ ከፊሉ?

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ እንሸጋገር። ድረ ገጻችን መረጃውን በወረዳ ከፋፍሎ ያስቀምጣል እንበል። ላሊበላ በአንድ ወቅት በቡግና ወረዳ ሥር ነበረች። ኋላ ግን የዛሬው ላስታ ወረዳ ከቀድሞው ቡግና ተከፍሎ ተቋቋመ። ስለዚህ /ቡግና/ላሊበላ የነበረው አድራሻ /ላስታ/ላሊበላ መሆን አለበት። የቸኮለ ባለሙያ እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦

ሪዳይሬክት 301 /ቡግና /ላስታ

ለላሊበላ ገጽ ይሠራል፤ ባለሙያውም ሞክሮ «ተሳካ» ይላል። ነገር ግን ቡግና አልጠፋም። ዛሬም ከላስታ በስተምዕራብ ራሱን የቻለ ወረዳ ነው። ይህ መስመር በቡግና የቀሩትን ገጾች በሙሉ ወደሌሉበት ወደ ላስታ ይልካቸዋል፤ የቡግና ነዋሪ ስለ ወረዳው የተጻፈውን ሊያነብ ሲመጣ ከማያውቀው በር ላይ ቆሞ «አልተገኘም» ይባላል። ለአንዱ መንገድ የጠረገ ትእዛዝ የሌላውን ቤት ዘጋ ማለት ነው። ትክክለኛው መስመር የተዛወረውን ብቻ የሚጠራው ነው፦

ሪዳይሬክት 301 /ቡግና/ላሊበላ /ላስታ/ላሊበላ

የተዛወሩት ገጾች ሃያ ቢሆኑ ሃያ መስመር ይጻፋል። ድካም ቢመስልም እያንዳንዱ መስመር አንድ እውነት ይናገራል። በተጨማሪም አፓቼ እነዚህን ትእዛዞች ከላይ ወደ ታች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይመለከታቸዋል፤ መጀመሪያ የገጠመው ይፈጸማል። ስለዚህ ጠባቡና ዝርዝሩ ከላይ፣ ሰፊውና አጠቃላዩ ከታች ይሰፍራል። ሰፊው ከቀደመ ጠባቡ ተራው አይደርሰውም።

አንድ ድምፅ፣ ብዙ ፊደል

አድራሻን በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው በሌሎች አገሮች መጻሕፍት የማይገኝ አንድ ችግር አለ። «መድኃኔ ዓለም» የሚለውን ስም እንውሰድ። ሦስተኛው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ወይም ኃ ተብሎ ቢጻፍ ለአንባቢው ጆሮ ልዩነት የለውም፤ ይህ 6 አማራጭ ነው። የ«ዓለም» መነሻም አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ይህ 4 ነው። 6 በ4 ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይወጣል። ለሰው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን 24 የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷልና ሐ እና ሀ ፈጽሞ አይተካኩም።

መፍትሔው አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርጎ መምረጥና የቀሩትን 23 ወደ እርሱ ማዞር ነው። 23 መስመር መጻፍ ግን አያስፈልግም። «ሪዳይሬክትማች» የሚባለው ትእዛዝ የአድራሻን ቅርጽ በምልክት ለመግለጽ ያስችላል። በዚህ አጻጻፍ ^ መነሻን፣ $ መድረሻን፣ | ደግሞ «ወይም» የሚለውን ያመለክታሉ፦

ሪዳይሬክትማች 301 ^/ቤተ-መድ(ሀ|ሃ|ሐ|ሓ|ኀ)ኔ-(አ|ኣ|ዐ|ዓ)ለም$ /ቤተ-መድኃኔ-ዓለም

ሪዳይሬክትማች 301 ^/ቤተ-መድኃኔ-(አ|ኣ|ዐ)ለም$ /ቤተ-መድኃኔ-ዓለም

የመጀመሪያው መስመር 5 በ4፣ ማለትም 20 አጻጻፎችን ይይዛል፤ ሁለተኛው የቀሩትን 3 ይይዛል። ድምሩ 23 ነው። ለምን በሁለት እንደ ተከፈለ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ስድስቱንም የሀ ዓይነቶችና አራቱንም የአ ዓይነቶች በአንድ መስመር ብንዘረዝር ኖሮ 24ኛው፣ ማለትም ትክክለኛው አጻጻፍ፣ አብሮ ይያዝና ገጹ ወደ ራሱ ሲዞር ይኖር ነበር።

እዚህ ላይ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ከእነዚህ ፊደላት አንዱ» ለማለት ፊደላቱ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ተከታትለው ይጻፋሉ። የግእዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይፈጃል፤ አፓቼም እንዲህ ያለውን ቅንፍ በልማዱ የሚመረምረው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። ውጤቱ ፊደሉን አንድ ሦስተኛ ብቻ መያዝ ስለሚሆን ትእዛዙ አይሠራም። ከላይ እንዳደረግነው በክብ ቅንፍና በ«ወይም» ምልክት መዘርዘር አስተማማኝ ነው። ይኸው የባይት ብዛት ሌላም ነገር ያስረዳናል፦ «ላሊበላ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ቃል 12 ባይት ነው፤ አድራሻው ተቀድቶ በፐርሰንት ኮድ ሲገለበጥ 36 ምልክት ይሆናል። ለኅትመት አጭር የላቲን አድራሻ ማዘጋጀትና ያንን ወደ አማርኛው ገጽ ማዞር የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰንሰለትና ሽክርክሪት

ድረ ገጽ በተሻሻለ ቁጥር አዲስ ማዞሪያ በአሮጌው ላይ ይደረባል። በምሳሌያችን መጀመሪያ /ሮሃ ወደ /ላሊበላ፣ ከዚያ /ላሊበላ ወደ /ቡግና/ላሊበላ፣ በመጨረሻም ይህ ወደ /ላስታ/ላሊበላ ዞሯል እንበል። ሮሃን የጠየቀ ሰው ገጹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሦስት ጊዜ ይላካል። ከሰርቨሩ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ 250 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ሦስቱ ዝውውሮች 750 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳሉ። ዝውውሩ ወደ ሌላ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ስም ማፈላለጉ፣ ግንኙነት መክፈቱ፣ ምስጢራዊ ቁልፍ መለዋወጡና ገጹን መጠየቁ ተደማምረው ለአንዱ ዝውውር ብቻ አራት ደርሶ መልስ፣ ማለትም 1 ሰከንድ ይሆናል። በደጋ መንደር ደካማ የስልክ መስመር ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አዲስ ማዞሪያ ሲታከል አሮጌዎቹ ሁሉ እየተከፈቱ መድረሻቸው በቀጥታ የመጨረሻው አድራሻ እንዲሆን መታረም አለባቸው፦

ሪዳይሬክት 301 /ሮሃ /ላስታ/ላሊበላ

ሰንሰለቱ ክብ ሲሠራ ደግሞ ጉዞው ፍጻሜ አይኖረውም። ከሁሉ የተለመደው እንዲህ ያለው ነው፦

ሪዳይሬክት 302 /ላሊበላ /ላሊበላ/መግቢያ

ጸሐፊው ያሰበው ጎብኚውን ወደ መግቢያ ገጽ ማድረስ ነበር። ነገር ግን /ላሊበላ/መግቢያ ራሱ በ/ላሊበላ የሚጀምር ስለሆነ እንደገና ይያዛል፤ ወደ /ላሊበላ/መግቢያ/መግቢያ፣ ከዚያም ሌላ መግቢያ ወደ ተጨመረበት አድራሻ ይላካል። ብዙዎቹ አሳሾች 20 ያህል ዝውውር ከተከተሉ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ስሕተት መሆኑን ይገልጻሉ። መነሻውንና መድረሻውን የሚወስነው ትእዛዝ ችግሩን ይፈታዋል፦

ሪዳይሬክትማች 302 ^/ላሊበላ/?$ /ላሊበላ/መግቢያ

የጥያቄ ምልክቱ ከፊቱ ያለው እዝባር ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም ማለት ነው።

ከሥራ በፊትና በኋላ

ፋይሉ ከተጻፈ በኋላ በሰርቨሩ የመፈተሻ ትእዛዝ ሥርዓተ ጽሕፈቱን መመርመር ይገባል፤ አንድ የተገደፈ ምልክት ሰርቨሩ እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላልና። ከዚያም ሊዞሩ የሚገባቸውን ብቻ ሳይሆን ሊነኩ የማይገባቸውን አድራሻዎችም መሞከር ያስፈልጋል። የቡግናው ስሕተት የሚገለጠው ላሊበላን በመሞከር ሳይሆን ቡግናን በመሞከር ነው።

ሰርቨሩ የሚይዘው የጎብኚዎች መዝገብ (ሎግ) ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ መምህር ነው። በየሳምንቱ 404 የተመለሰላቸውን አድራሻዎች አውጥቶ ማየት ሰዎች የትኛውን የቀድሞ በር እያንኳኩ እንደሆነ ያሳያል። ከእነዚህ መካከል ተተኪ የሌላቸው ይኖራሉ። እነርሱን በሙሉ ወደ መጀመሪያው ገጽ ማዞር ትሕትና ቢመስልም አንባቢውን ያደናግራል፤ የፈለገውን አላገኘም፣ እንደሌለም አልተነገረውም። ለእንዲህ ያለው 410 የሚለው ቁጥር አለ፤ ትርጉሙም «ነበረ፣ አሁን ግን ተነሥቷል» ማለት ነው።

የአድራሻ አደራ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የታተመ አድራሻ ስለማይታረም ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በኢትዮጵያ ያዩትን፣ የላስታን አብያተ ክርስቲያናት ጨምሮ፣ የገለጹበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ዛሬ በመጽሐፍ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ወይም በአስጎብኚ ካርድ ላይ የሚሰፍር የድረ ገጽ አድራሻም ባለቤቱ ከሚያስበው በላይ ዕድሜ ይኖረዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ አድራሻም ከገጹ በላይ ይውላል። ወረቀቱን ማንም ተመልሶ አያርመውም፤ መታረም የሚችለው የሰርቨሩ ፋይል ብቻ ነው።

ድርን የፈለሰፈው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፈው መጣጥፍ መልካም አድራሻ የማይለወጥ አድራሻ መሆኑን አስተምሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ላሊበላን ሲመዘግብ የሰጣት ቁጥር 18 ነው፤ በድርጅቱ የቅርስ ድረ ገጽ ላይም የላሊበላ ገጽ የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው። የወረዳው ወሰን ቢለወጥ፣ የስሙ አጻጻፍ ቢለያይ 18 ቁጥር አይለወጥም። አዲስ ድረ ገጽ የሚያቋቁሙ ሰዎች ከዚህ ትምህርት ቢወስዱ ብዙ ማዞሪያ ከመጻፍ ይድናሉ።

ቀድሞውኑ ለተዛወረው ግን ማዞሪያ መጻፍ ግዴታ ነው። ከመጻፍ በፊትም ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ በእርግጥ የተዛወረው ምንድን ነው? የተዛወረው ሁሉ ነው ወይስ ከፊሉ? ለዘለቄታው ነው ወይስ ለጊዜው? ሮሃ ሁሉዋም ለዘለቄታው ላሊበላ ሆናለች። ቡግና ግን ከፊሉ ብቻ ላስታ ሆኗል። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ሰርቨሩ ሳይሆን አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የማዋቀሪያው ፋይልም የሚታመነው ያ ሰው ያወቀውን በትክክል ሲናገር ነው።